ጤነኛው ባሌና ወይዘሮ መስኮት

ባሌ ጤነኛ ነው። ይህን ስላችሁ ጤንነቱን እየመሰከርኩለት አይደለም፤ ስሙን እየነገርኳችሁ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ጤነኛው» ነው የሚለው። ዳቦ ቤት ስገባ «የጤነኛው ሚስት መጣች፣ አሳልፏት» ይሉኛል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ እኔም የምጠራው ስናደድ ነው።

ዕድሜውን የፈጀው የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ነው። በየግቢው በር እያንኳኳ፣ «ውሻው ታስሯል?» ብሎ እየጮኸ፣ አጎንብሶ የቆጣሪውን ክዳን እየከፈተ አረጀ። ያን ሁሉ ዘመን በሩን በደስታ የከፈተለት ሰው የለም። ቆጣሪ አንባቢ መጣ ማለት የውሃ ሂሳብ መጣ ማለት ነው፤ ማን ደስ ይለዋል? «የሉም በሉት» ሲሉ ከበሩ ማዶ እየሰማ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ጡረታ ሲወጣ የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ሁሉ መለሰና የትከሻ ቦርሳዋን አስቀረ። «ማንገቻዋ ትከሻዬን ለምዷል» አለ። ቤት መዋል ግን አልሆነለትም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቤቴ ሥራ ቤቴ ነው። ከጀርባዬ ቆሞ ክሩን ያያል፣ መቀሱን ያነሳል፣ ይመልሳል፣ ድስቱን ከፍቶ ያሸታል። ወይ አበሳዬ! «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ውጣ ወይ ተኛ!» እለው ነበር።

ሰዉ ብረት ይመስለዋል። «እሳቸው እኮ ሐኪም ቤት ረግጠው አያውቁም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ረግጦ አያውቅም። ለምን እንዳልረገጠ ግን እኔን ይጠይቁኝ። መርፌ ስለሚፈራ ነው! ልጅ ሆኖ ለክትባት ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ በመስኮት ዘሎ አመለጠ፤ እስከ ዛሬ እየሮጠ ነው። እኔ ቁልፍ ልተክል መርፌ ሳነሳ እንኳ ክፍል ይቀይራል። መርፌ ፈሪ ልብስ ሰፊ ሲያገባ ማን አይቷል? ያተኮሰው ቀን «ሙቀቱ ነው» ይላል። ያንቀጠቀጠው ቀን «ነፋሱ ነው»። የነቀዘ ጥርሱን በኔ ክር አስሮ ከበር እጀታ ጋር አገናኝቶ ነው የነቀለው። እንዲህ እንዲህ እያለ በክሊኒኩ ካርድ ሳይኖረው ሸበተ።

ክሊኒካችን አንድ ረጅም ኮሪደር ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ አንድ ጊዜ ነጭ የነበረ። በኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ዝቅ ያለች መስኮት አለች። ማን እንደለካት እንጃ፤ አጭርም ሆነ ረጅም፣ ሳያጎነብስ የሚያናግራት የለም። ከውስጥ የሚታየው አንድ አገጭ፣ ሁለት እጅና አንድ ማኅተም ነው። ያቺን አገጭ ነው «ወይዘሮ መስኮት» የምንላት። ስንት ዘመን ስንመላለስ ከአገጯ በላይ ዓይኗን፣ ከእጇ በታች ደግሞ ምኗንም አይተን አናውቅም።

እኔ የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ። በየጊዜው ይታደሳል። ሰኞ ይታዘዛል፣ ሐኪሙ ይፈርምበታል፣ ረቡዕ ይወሰዳል። ቀላል ነገር ነበር። አንድ የብርድ ወራት ሳል ገባና ኮሪደሩ ሞላ። ክኒን ሊያሳድስ የመጣው ሰው ክኒኑንና የሌላውን ሳል ይዞ መሄድ ጀመረ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ተቆጥቶ ከመስኮቷ አጠገብ ወረቀት ለጠፈ። «መድኃኒት የሚያሳድስ ሕመምተኛ በአካል አይምጣ፤ ጤነኛ ሰው ይላክ። በመስኮቱ የሚቀመጠውም ሠራተኛ ጤነኛ ይሁን።» ሳሉ አለፈ። ኃላፊውም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ወረቀቱ ግን ማን ይንካው! «አንሱልን እንጂ» ስንል «የለጠፈው ነው የሚያነሳው» ተባልን። ሐኪሙን ጠየቅነው። ለጋ ሐኪም ነው፣ ጨዋ። «እኔም እኮ በየቀኑ እያየሁት አልፋለሁ» አለን።

ደህና፣ ጤነኛስ ማነው? ይህን ለብቻዋ የወሰነችው ወይዘሮ መስኮት ናት። በክሊኒኩ ካርድ ያለው ሕመምተኛ ነው፣ የሌለው ጤነኛ ነው፣ አለቀ። መጀመሪያ ሰዉ ልጁን፣ አማቹን፣ የእህቱን ልጅ መላክ ጀመረ። እሷ ስም ትጠይቅና የካርድ ሣጥኑን ጓ! አድርጋ ትስባለች። የጥግ ቤቷ መምህርት፣ ጡረታ የወጣች፣ የእንቅርት ክኒን የምትወስድ ጎረቤቴ፣ ሴት ልጇን ላከች። ልጅቷ ድንጋይ ብትረግጥ የምትሰነጥቅ ናት። «በልጅነትሽ ጆሮሽን ታመሻል፣ ካርድ አለሽ» ተባለች።

መምህርት ከግቢው በር ሆና «ድናለች እኮ!» ብላ ጮኸች።

«መዳኗ ካርዱ ላይ አልተጻፈም» አለች ወይዘሮ መስኮት።

ፀጉር አስተካካያችን ደግሞ አስም አለበት። የሚነፋውን መድኃኒት እንዲያመጣለት የሚስቱን ወንድም ላከ። ልጁ ካርድ የለውም፣ ደህና ነበር፤ ሰልፉ ላይ ቆሞ አነጠሰ እንጂ። አንዴ ነው ያነጠሰው፣ እሱንም በመዳፉ ይዞ። እዚያው ካርድ ተከፈተለት። እንዲህ እየሆነ ሰልፉ እየሳሳ ሄደና አንድ ቀን ባሌ ብቻውን ቀረ። የሰፈሩ ጤነኛ እሱ ብቻ ሆነ።

እመኑኝ፣ ብቻውን ሆኖም ይሰለፋል። መጀመሪያ ቀን ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቷ ሲሄድ «ተራዎን ይጠብቁ» አለችው። ወደ ኋላው ዞረ፣ ማንም የለም። ወደ ፊቱ አየ፣ ማንም የለም። እሺ ብሎ ጠበቀ። ትንሽ ቆይታ «ቀጣይ!» አለች። አጎነበሰ።

«ጤነኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

ቦርሳውን ሞላችለት። የኔን ክኒን፣ የመምህርትን፣ የአስተካካዩን፣ የሰፈሩን ሁሉ። ያን ቀን ከቤት ቤት እየዞረ ሲያድል ያየሁት ሰው ሌላ ሰው ነው። በር ሳያንኳኳ ይከፈትለታል። «ግቡ እንጂ ጋሼ፣ አረፍ በሉ እንጂ ጋሼ!» ይባላል። ዕድሜ ልኩን «የሉም በሉት» ሲባል የኖረ ሰው! ማታ ሲገባ ጫማውን እያወለቀ ያፏጫል። በጄ፣ ደስ ይበለው አልኩ። እኔም ክሬ ተረፈልኝ።

ሰፈሩ ግን ጤንነቱን የጋራ ንብረት አደረገው። ጉንፋን የያዘው ሰው ባሌን ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ሰላምታ ከሩቅ ሆነ። አስተካካዩ «ማጅራትዎን ብርድ ይመታዎታል» እያለ የኋላ ፀጉሩን አልቆርጥም አለ፤ ባሌ ከፊት የተከበረ ጡረተኛ፣ ከኋላ ጎረምሳ ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን አምፑል ሊቀይር ወንበር ላይ ሲወጣ መምህርት በመስኮት አይታው በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ ይውረዱ! ይውረዱ ብያለሁ! እርስዎ የራስዎ ብቻ ነዎት እንዴ?»

ወረደ። አምፑሉን እኔ ቀየርኩት። ግፊት ያለብኝ እኔ!

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ አድሎ ሲጨርስ ከቦርሳው ሥር አንዲት እሽግ ትቀራለች። በሁሉም ላይ ስም ተጽፎባቸዋል፤ በዚህች ላይ ምንም የለም። ይዟት ይገባል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ሸሚዙን ይቀይራል፣ ይዟት ይወጣል።

«ይቺስ የማን ናት?» አልኩት።

«የአንድ ሰው።»

«የሴት ነው የወንድ?»

«የሰው ምስጢር ነው አንቺ ሴትዮ። ሆድ ይፍጀው።»

የማንን ሆድ ነው የሚፈጀው? የኔን ነዋ! በስተርጅና፣ ባለ ጎፈሬ ማጅራት ሆኖ፣ ሸሚዝ ቀይሮ! ስፌት መኪናዬን እያስጮህኩ ስንት ሴት ጠረጠርኩ መሰላችሁ። ዳቦ ሻጯን ጠረጠርኩ። ይቅር ይበለኝና መምህርትንም ጠርጥሬአለሁ።

ከዚያ ውሃ መጠጣት ጀመረ። እንስራ ሙሉ ውሃ አይበቃውም። የሰው ውሃ ሲቆጥር የኖረ ሰው የራሱን ውሃ መቁጠር አቃተው። ጠጥቶ ይወጣል፣ ገብቶ ይጠጣል። ሱሪው ይሰፋው ጀመር። አንድ ቀን ቀበቶውን ሳነሳ አዲስ ቀዳዳ አገኘሁበት፤ ወስፌዬን ሰርቆ በድብቅ በስቶታል። መርፌ ፈሪው! የእግሩ ጣት ላይ አንዲት ቁስል ወጥታ አልድን አለች። ካልሲ ደርቦባት ይሄዳል። እኔ ግን አውቃለሁ፤ አባቴን በዓይኔ እያየሁ የወሰደው ይኸው ነው፣ ስኳር።

«ተነስ» አልኩት፣ «ክሊኒክ እንሂድ።»

«ምን ሆኜ?»

«አባቴን የገደለው ይዞህ ነዋ! አትጠብቀው፣ ይገድልሃል።»

 ብርጭቆውን ጨለጠ። «ካርድ ካወጣሁ» አለ ቆይቶ፣ «ማን ያመጣላችኋል?»

«እኛን ተወን!»

«አንቺንስ ልተው? ክኒንሽ ቀርቶብሽ ያዞረሽ ቀን ረሳሽው? አስተካካዩስ ሳይነፋ ማደር ይችላል?»

«መርፌ ፈርተህ ነው!»

«እሱም አለበት» አለ አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ በር አንኳኩቻለሁ። ገና አሁን ነው የሚከፍቱልኝ» አለኝ።

አንጀቴን በላው። መናደዴንም አልተውኩም፤ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ምን እንደሚያደርግ ግፊት ያለበት ያውቀዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የኛ ሰውዬ የሰፈሩን መድኃኒት ሁሉ በትከሻው ተሸክሞ በሽታውን ደበቀ። ካርድ ቢያወጣ እኛ ያለ መድኃኒት እንቀራለን። ባያወጣ እኔ ያለ ባል እቀራለሁ። እኔ ደግሞ ምርጫዬን አውቃለሁ፤ ያንን ማጅራት እየተሳደብኩም ቢሆን ከጎኔ እፈልገዋለሁ።

እሱ ሳያውቅ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተሰበሰብን። ነገሩን ነገርኳቸው። መምህርት አፏን ያዘች። አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ።

«ሌላ ጤነኛ እንፈልጋ» አለ።

ከመንገዱ ጫፍ ጀምረን ቤት ለቤት በአፋችን ዞርን። እገሌ? ኩላሊት። እገሊት? ወልዳለች፣ ካርድ አላት። የእሷስ ባል? ከዛፍ ወድቋል። የእሱስ አባት? ሞተዋል። «ካርድ ግን ነበራቸው?» አለ አስተካካዩ። ጉድ እኮ ነው፣ ሰው ሲጨንቀው! መጨረሻ ላይ መምህርት ከወንዝ ማዶ የመጣውን አዲሱን ተከራይዋን አስታወሰች። ሲሚንቶ ጫኝ ነው። ደረቱ በር ያክላል። በዚህ ክሊኒክ ደግሞ ገብቶ አያውቅም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ምኑ ነው ብለን ሳናጣራ ተጠመጠምንበት። «እኔ? ታምሜ አላውቅም፣ ምን ችግር አለው» አለ ሰውዬው።

ሰኞ ጠዋት ባሌ ገና ሳይነሳ ጫኙን አጅበን ወሰድነው። እኛ ሕመምተኞቹ ከግቢው በር ውጪ ቆመን እሱን አስገባን። ያቺ ሰዓት ወለሉ የሚታጠብባት ሰዓት ናት። ሦስት እርምጃ እንኳ የሄደ አልመሰለኝም፤ ዷ! የሚል ሰማን። ሲሚንቶ ሲወድቅ እንኳ እንዲህ አይጮኽም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁርጭምጭሚቱ ተጠቅልሎ፣ እያነከሰ፣ በእጁ ወረቀት ይዞ ወጣ።

«ካርድ ሰጡኝ» አለን ፈገግ ብሎ። «በነፃ ነው።»

መምህርት እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እኔ መሳቅም መሳደብም አቃተኝ። ባሌ ከኋላችን ቦርሳውን አንግቶ ሲመጣ አየነው፤ «ምን ትሠራላችሁ እዚህ?» አለና ገብቶ እንደ ወትሮው ትእዛዙን ሰጠ።

ረቡዕ ልቤ ፈርቶ ተከተልኩት። አስተካካዩና መምህርትም የመጡት ሰበብ ፈልገው ነው። ዘበኛው መድኃኒት አሳዳሾች መሆናችንን ያውቃል፤ ከበሩ አያሳልፈንም። ከበሩ ላይ ግን ኮሪደሩ ቀጥ ብሎ እስከ መስኮቷ ይታያል። ባሌ ማንም በሌለበት ተሰለፈ። ግድግዳው ጋ ካለው ቧንቧ ጠጣ። ተመልሶ ተሰለፈ። ሄዶ ደግሞ ጠጣ።

«ተራዎን አይልቀቁ» የሚል ድምፅ ከመስኮቷ መጣ።

ተመለሰ። «ቀጣይ!» ተባለ። አጎነበሰ።

«ጤነኛ ነዎት?»

በየሳምንቱ «ነኝ» ሲል ድምፁ እስከ በሩ ይሰማል። ያን ቀን «ነ» ያለ መሰለኝ። ማጎንበስ የኖረበት ስለሆነ፣ ሲወድቅም ገና እያጎነበሰ ነው ያልኩት። ግንባሩ የመስኮቷን ደፍ መትቶ፣ ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ቦርሳዋ መሬት ስትነካ ነው የገባኝ።

ሮጥኩ። ዘበኛው «እትዬ! እትዬ፣ ሕመምተኛ አይገባም!» ብሎ ክንዴን ያዘ።

«ሕመምተኛ አንተ!» ብዬው አለፍኩ።

ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ ተንበረከከ። ጣቱን ሊወጋው ሲል ባሌ ሰመመን ውስጥ ሆኖ እንኳ እጁን ሰበሰበ። «መርፌ ነው?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። እኔ እጁን ጨብጬ ያዝኩና ተወጋ። ሐኪሙ ያቺን ትንሽ ማሽን አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

«ስንት አነበበ?» አለ ባሌ። ሥራው አይለቀውም።

«ቁጥር የለውም አባባ። ቆጣሪው ሞልቷል» አለው ሐኪሙ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «ዛሬ ባይመጣ ኖሮ ነገን አያያትም ነበር» አለኝ።

አግዳሚው ወንበር ላይ አስተኙት። ግሉኮስ የለበትም ያሉትን ውሃ በቱቦ ሰቀሉለት፣ ሌላም መርፌ ወጉት። ያን ሁሉ ዘመን የሸሸው በአንድ ጠዋት ደረሰበት። እኔ እግሩ ሥር ተቀምጬ የተደረበ ካልሲውን አወለቅኩ። አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ከብዙ ሰዓት በኋላ ዓይኑን ገለጠ። ሐኪሙ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ክኒን እንደሚወስድና በየወሩ እንደሚታደስለት ነገረው።

«ክኒን ነው? መርፌ አይደለም?»

«ክኒን ነው።»

«ታዲያ ምን ፈርቼ ነው የኖርኩት?» አለኝ፣ እኔ እንዳስፈራራሁት ሁሉ።

ከዚያ መስኮቷን አየና ትዝ አለው። ቀና ለማለት ታገለ። «ካርድ አታውጪልኝ» አላት።

«አውጪለት!» አልኩ እኔ።

«አታውጪ!»

«አውጪ ብዬሻለሁ!»

አገጯ አልተንቀሳቀሰም። እጇ አዲስ ካርድ ሳበች። «ስም?» አለች። ዘበኛው አያውቅም፤ ሐኪሙ አያውቅም፤ ከበሩ ላይ አስተካካዩ «ጤነኛው በሏት!» ብሎ ይጮኻል። እናቱ ያወጣችለትን ስም እኔ ነገርኳት። ሳልናደድ የጠራሁት ያን ቀን ነው። ባሌ ዞር ብሎ አየኝ።

ብዕሩ ሲጭር ሰማን።  ከዚያ ያው የምናውቀው ድምፅ መጣ፤ ትንሽ ዝቅ ብሏል።

«ከዛሬ ጀምሮ ሕመምተኛ ነዎት። መድኃኒትዎን የሚወስድልዎ ጤነኛ ሰው ይላኩ።»

ደሜ ፈላ! «ማንን ነው የሚልከው?» አልኩ። «ማንን? ሰፈሩን አንድ በአንድ ለቅመሽ ካርድ ውስጥ ከተትሽው እኮ! ማን ቀረ? ክኒኑ ይኸው ከጀርባሽ ተደርድሯል፤ ሰዎቹ ይኸው በሩ ላይ ቆመዋል፤ በመካከል ያለሽው አንቺ ነሽ! እዚያ ሆነሽ ስንሞት ማኅተም ምቺልን! ያን ወረቀትሽን ቀቅለሽ ብዪው!»

መስኮቷ ተዘጋች። በሥራ ሰዓት፣ በፊታችን፣ ቷ ብላ ተዘጋች።

«ዘጋችብን!» አልኩ። ከበሩ ላይ መምህርት «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች። እርግማኔን ገና እየመረጥኩ ሳለ ከመስኮቷ ጎን ያለችው፣ ስትከፈት አይተናት የማናውቃት በር ሲጥ አለች።

ወይዘሮ መስኮት እግር እንዳላት ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። አጭር ሴት ናት። እግሯ ከጉልበቷ በታች አብጧል፣ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጫማ አልገባላት ብሎ የወንድ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ግድግዳውን እየያዘች ዞራ መጣችና ከራሷ መስኮት ራቅ ብላ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምን እያደረገች ነው?» አልኩት ባሌን በሹክሹክታ።

«ተራዋን እየጠበቀች» አለኝ።

ትንሽ ቆማ ተመልሳ ገባች። መስኮቷ ተከፈተች፣ አገጯ መጣ። «ቀጣይ!» አለች። ፊት ለፊቷ ማንም የለም። «ጤነኛ ነዎት?» አለች ለባዶው ኮሪደር። ከዚያ ተነስታ፣ በሩን ከፍታ፣ እግሯን እየጎተተች፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ዞራ መጣች። መስኮቷ ፊት አጎነበሰች። ከውስጥ ባዶ ወንበር ብቻ ነው ያለው።

አጎንብሳ ቀረች።  ዘበኛው ቆቡን አውልቋል፤ ሐኪሙ የቱቦውን ጫፍ እንደያዘ ቆሟል። ከጭንቅላቷ ጎን ያ ወረቀት ተለጥፏል፤ በመስኮቱ የሚቀመጠውም ጤነኛ ይሁን ይላል። እሷ ወረቀቱን አላየችውም። በአንድ እጇ ደፉን ያዘች።

«ነኝ» አለች።

ዞራ ገባች፣ ማኅተሙን መታች፣ እሽጎቹን በደፉ ላይ ደረደረች። ዞራ ወጣች፣ ከደፉ ላይ አንስታ አንድ በአንድ በባሌ ቦርሳ ከተተች። የአስተካካዩን፣ የመምህርትን፣ የኔን፣ ከላይ ደግሞ ስሙ ገና ያልደረቀውን የባሌን። በመጨረሻ ደፉ ላይ አንዲት እሽግ ቀረች። ስም የላትም። ወዲያው አወቅኋት። ወይዘሮ መስኮት አንስታ በጋዋኗ ኪስ ከተተቻት።

ባሌን አየሁት። እሱ የቱቦውን ጠብታ እየቆጠረ ነው። ምላሴን ነከስኩ። ሐኪሙ ደግሞ ከነገሩ ጦም እደሩ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ።

ወረቀቱ እስካሁን እዚያው አለ፤ የለጠፈው አልመጣም። ባሌ ክኒኑን ይውጣል፣ ጣቱ ድኗል፣ አስተካካዩም ማጅራቱን አስተካከለለት። ረቡዕ ረቡዕ ሰፈሩ ሁሉ ከክሊኒኩ በር ውጪ ይሰበሰባል። ወይዘሮ መስኮት ለራሷ ትሰለፋለች፣ ራሷን ትጠይቃለች፣ ለራሷ ትመልሳለች፤ ከዚያ ቦርሳውን እስከ በሩ ታመጣዋለች። ከበሩ ወዲህ ወረቀቱ ሥልጣን የለውም፤ ከዚያ ባሌ ተቀብሎ ቤት ለቤት ያድላል፣ በሩም ይከፈትለታል። እኔ ከቤት ወንበር ተሸክሜ እሄዳለሁ። አንድ ለመቀመጫ፣ አንድ ለእግር።

«ጤነኛ ነዎት?» ይላታል ባሌ ቦርሳውን ሲቀበላት፣ እንደሷው አድርጎ።

«ነኝ» ትለዋለች።

ወንበሩን አስጠጋላታለሁ። እግሯን ቀስ አድርጋ ትሰቅላለች።